የቤት ውስጥ ሄሊኮፕተር፦ ወንበሩ ለሴት ልጅዎም ይድረሳት

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ደብተሯን አስቀምጣ፣ «እማዬ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ሄሊኮፕተር ማብረር ልለማመድ» ብትልዎ ምን ይመልሱላታል? አንዳንዷ እናት «ጨዋታሽን ትተሽ ጥናትሽን ያዢ» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች። ሌላይቱ ደግሞ ጉዳዩ ስላልገባት ዝም ብላ ትፈቅዳለች፤ ልጂቱም እስከ እኩለ ሌሊት መስታወቱ ላይ አፍጥጣ ታመሻለች። ሁለቱም መልሶች ልጂቱን አይጠቅሟትም። የበረራ ማስመሰያ፣ በተለምዶ አጠራሩ ሲሙሌተር፣ በሥርዓት ከተያዘ ትምህርት ነው፤ ያለ ሥርዓት ከተለቀቀ ጊዜ ማጥፊያ ነው። ከሁለቱ አንዱን የሚያደርገው መሣሪያው ሳይሆን የቤቱ አያያዝ ነው።

ይህን ጉዳይ ስናነሣ በምሳሌነት የምንወስደው ቴፒን ነው። ቴፒ በሸካ ዞን፣ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በቡናና በቅመማ ቅመም መካከል ያለች ከተማ ናት። ዝናቡ ረዥም ነው፤ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከቆላማው ቴፒ ወደ ማሻ ሲወጣ ተራራው ደመና ይለብሳል። ቀደም ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳኮታ አይሮፕላኖች ባልተነጠፉ ትንንሽ ሜዳዎች ላይ እያረፉ ቴፒንና ሚዛን ተፈሪን ከሌላው አገር ጋር ያገናኙ ነበር። ይህን የሰማ የአካባቢው ልጅ ስለ በረራ ቢያልም አይገርምም። ሄሊኮፕተር ደግሞ ሜዳም ሳያሻው ከጠባብ ቦታ ተነሥቶ በጠባብ ቦታ የሚያርፍ በመሆኑ፣ እንዲህ ላለው ተራራማና ደናማ አገር የተሠራ ይመስላል። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ድርቅ በነበረበት ጊዜ የሶቪየት ኅብረትና የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች በእርዳታው ሥራ መካፈላቸውን ያን ዘመን የደረሱ አንባቢያን ያስታውሱታል።

ማስመሰያው ከየት መጣ?

የበረራ ማስመሰያ የልጆች መጫወቻ ሆኖ አልተጀመረም። ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1929 የመጀመሪያውን የሠራው፣ አባቱ ኦርጋንና ፒያኖ በሚሠሩበት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ኦርጋኑን የሚያናፍሰውን ወናፍ ወስዶ፣ መሬት ላይ የቆመች ትንሽ የእንጨት አይሮፕላን እንደ እውነተኛዋ እንድታዘነብልና እንድትዞር አደረጋት። በመጀመሪያ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ለመዝናኛ ቦታዎች ነበር የሚሸጠው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ ጦር ፖስታ በአይሮፕላን እንዲያመላልስ ታዞ፣ በጭጋግና በጨለማ አያሌ አብራሪዎች ከሞቱበት በኋላ፣ ስድስት የሊንክ ማስመሰያዎች ገዛ። ከዚያ ወዲህ ማስመሰያ ከአብራሪ ትምህርት ተለይቶ አያውቅም። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎችም ሞተር ሲጠፋ፣ እሳት ሲነሣ ምን እንደሚያደርጉ የሚለማመዱት አዲስ አበባ በሚገኙት ትላልቅ ሲሙሌተሮች ውስጥ ነው።

በቤት ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የተባለው እ.ኤ.አ. በ1982 ወጣ፤ በ2020 የወጣው ዝርያው ደግሞ በ2022 ሄሊኮፕተሮች ተጨመሩለት። ኤክስ-ፕሌን የተባለውም ሄሊኮፕተሮች አሉት። ሁለቱም በገንዘብ የሚገዙና ጠንካራ ኮምፒዩተር የሚጠይቁ ናቸው። ገንዘብ ለሚያሳስባት እናት ግን ፍላይትጊር የሚባል ሦስተኛ አለ፤ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራና ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። ኢንተርኔቱ ደህና በሆነበት ቀን አንድ ጊዜ ካወረዱት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መካከለኛ ኮምፒዩተርም ይበቃዋል።

ከፕሮግራሙ ሌላ የሚያስፈልገው ጆይስቲክ የተባለው መሪ ዘንግ ነው። በፊደል ገበታውና በማውስ ብቻ ሄሊኮፕተር ለማብረር መሞከር፣ በሹካ ሽሮ እንደ መብላት ነው፤ ይታክታል እንጂ አያጠግብም። የሚገዛው ጆይስቲክ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚጠመዘዝ፣ ከጎኑም ትንሽ ማንሻ ያለው ቢሆን ይመረጣል። መጠመዘዙ የእግር ፔዳልን ይተካል፤ ማንሻው የግራ እጅን ሥራ ይሠራል። ውድ የሆኑትን ፔዳሎችና ወንበሮች ልጂቱ አንድ ዓመት ሳትሰለች ከቆየች በኋላ ማሰብ ይቻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ከማናቸውም ጌጥ በፊት ኮምፒዩተሩን ከአደጋ የሚጠብቅ ስታብላይዘር ይቀድማል።

ሁለት እጅና ሁለት እግር

ሄሊኮፕተር ለማብረር ከአይሮፕላን ይልቅ የሚያስቸግረው ለምንድን ነው? አይሮፕላን በደንብ ከተስተካከለ መሪውን ለጥቂት ጊዜ ቢለቁት መንገዱን ይቀጥላል። ትንሽ ሄሊኮፕተር ግን አይታመንም፤ በተለይ አየር ላይ በአንድ ቦታ ሲቆም፣ በየሴኮንዱ ካልያዙት ይሸሻል።

አብራሪው በቀኝ እጁ የሚይዘው ሳይክሊክ የሚባለውን ዘንግ ነው፤ ይህ ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን ይወስደዋል። በግራ እጁ ከወንበሩ ጎን ያለውን ኮሌክቲቭ ይዟል፤ ሲስበው ይነሣል፣ ሲጫነው ይወርዳል። በሁለት እግሮቹ ፔዳሎቹን ይረግጣል። ፔዳሉ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አናቱ ላይ ያለው ትልቁ ክንፍ ወደ አንድ ወገን ሲሾር፣ አካሉ በተቃራኒው ሊዞር ይታገላል። ጅራቱ ላይ ያለችው ትንሿ ተሽከርካሪ ይህን ትገታለች፤ እሷን የሚያዘው እግር ነው። ስለዚህ ግራ እጅ ኮሌክቲቩን ሲስብ እግርም መከተል አለበት፤ እግር ሲንቀሳቀስ ቀኝ እጅም ያስተካክላል። ጥጥ ፈትለው የሚያውቁ እናቶች ይህን ከማንም በፊት ይረዱታል፦ አንዱ እጅ እንዝርቱን ያሾራል፣ ሌላው ባዘቶውን ይስባል፤ አንዱ ከቸኮለ ክሩ ይበጠሳል፣ ከዘገየ ይቋጠራል። ይህን ቅንጅት የሰጠው መጽሐፍ ሳይሆን ልምምድ ነው።

ልምምዱም ቅደም ተከተል አለው። የእውነተኛው ትምህርት ቤት አስተማሪ ተማሪውን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያስይዘውም። ልጅዎም እንዲሁ ትጀምር። በመጀመሪያው ሳምንት አየር ላይ ሆና ቀጥ ብሎ መሄድን፣ ከፍታና ፍጥነት መጠበቅን ብቻ ትለማመድ። ቀጥሎ በዝግታ መዞርን፣ መውጣትንና መውረድን ትማር። ከዚያ በኋላ ፍጥነት እየቀነሰች ወደ ሜዳ መቅረብን ትሞክር። አየር ላይ በአንድ ቦታ መቆም የመጨረሻው ይሁን። በመጀመሪያው ቀን እዚያው ቆሞ ለማዋል የሚጣደፍ ልጅ ሃያ ጊዜ ተከስክሶ ተስፋ ይቆርጣል። አንድ ቁልፍ ምክር እንጨምርላት፦ ዓይኗ ከሄሊኮፕተሩ አፍንጫ ሥር ሳይሆን ከሩቅ ካለው አድማስ ላይ ይረፍ፤ እጇም ዘንጉን በጣቶቿ ጫፍ ትያዘው እንጂ አትጨብጠው።

ቴፒን ራሷን ደብተር ማድረግ

ማስመሰያው የዓለምን መሬት ስለያዘ፣ ልጅዎ ከኒውዮርክ ሕንፃዎች ይልቅ ከቴፒ ብትነሣ የበለጠ ትማራለች። ከቴፒ እስከ ሚዛን ተፈሪ በቀጥታ መስመር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ብትበር በስንት ደቂቃ ትደርሳለች? ወደ ማሻ ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመሄጃ 30፣ ለመመለሻ 30፣ ለመጠባበቂያ ቢያንስ 20 ደቂቃ የሚበቃ ነዳጅ መያዝ ይኖርባታል። ይህ የሒሳብ የቤት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ልጂቱ ሳትለመን መሥራቷ ነው።

ከዚህም የጠለቀ አለ። ሄሊኮፕተር የሚንሳፈፈው አየርን ወደታች ገፍቶ ነው፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል። አየር ደግሞ በከፍታም በሙቀትም ይሳሳል። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,100 ሜትር ላይ ናት። የአቪዬሽን መለኪያ በባሕር ወለል 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በቴፒ ከፍታ መለኪያው 8 ዲግሪ ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ቢደርስ ልዩነቱ 22 ዲግሪ ይሆናል። እያንዳንዱ የዲግሪ ብልጫ 36 ሜትር ያህል ከፍታ እንደ መጨመር ስለሚቆጠር፣ ሄሊኮፕተሩ የሚሰማው 1,100 ሜትር ሳይሆን ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ አራት ሰው ጭኖ የተነሣ ሄሊኮፕተር ከቀትር በኋላ በዚያው ጭነት እምቢ ሊል ይችላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ማሻ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል። ልጅዎ ይህን በደብተሯ አስልታ፣ ከዚያ በማስመሰያው ሙቀቱን ከፍና ዝቅ እያደረገች ብታየው፣ የፊዚክስ ትምህርቷ ከሰሌዳ ወርዶ እጇ ላይ ይገባል።

እናት መብረር ባታውቅስ?

ብዙ እናቶች «እኔ የማላውቀውን ነገር እንዴት ልቆጣጠር?» ይላሉ። መብረር ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ መጠየቅ ይበቃል። ልጅዎ ከመነሣቷ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቋት፦ የት ነው የምትሄጂው? ነዳጅሽ ስንት ደቂቃ ይበቃል? የአየሩ ጠባይ እንዴት ነው? ሞተሩ ቢጠፋ የት ታርፊያለሽ? መልስ ከሌላት አትነሣም። ይህ ጥያቄ እናት የፈጠረችው የቁጥጥር ዘዴ አይደለም፤ እውነተኛ አብራሪ ሁሉ ከበረራ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ነው።

ከአራቱ ሁሉ የሚበልጠው የአየሩ ጠባይ ነው። በዓለም ላይ አያሌ የሄሊኮፕተር አደጋዎች የሚደርሱት አብራሪው ማብረር ስላቃተው ሳይሆን፣ ደመና ውስጥ ገብቶ መሬትና ሰማይ ስለሚምታቱበት ነው። ማስመሰያው ላይ የማሻን ተራራ በደመና ሸፍናችሁ ሞክሩት። ልጅዎ «ዛሬ አልሄድም» ብላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ሞተሩን ብታጠፋ፣ በዚያ ቀን ከሁሉ የላቀውን ትምህርት ተምራለች፤ ሊያመሰግኗት ይገባል። ሰው ሁሉ የመነሣትን ጥበብ ያደንቃል፤ የአብራሪ ዕድሜ የሚረዝመው ግን አለመነሣትን በማወቅ ነው።

ማስመሰያ የማያውቀው

እውነቱን ደግሞ መደበቅ አይገባም። በቤት ማስመሰያ አንድ ሺህ ሰዓት የበረረ ልጅ አብራሪ አይደለም። ወንበሩ አይንቀጠቀጥም፤ ሆድ አይናወጥም፤ ፍርሃት የለም። የእውነተኛ ሄሊኮፕተር ሞተር ሲጠፋ አብራሪው ኮሌክቲቩን ወዲያውኑ መጫን አለበት፤ ያን ጊዜ ክንፉ ከታች በሚመጣው አየር እየሾረ በሰላም እንዲያርፍ ይረዳዋል። ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። በቤት ውስጥ የተሳሳተ እንደገና የሚጀምርበትን ቁልፍ ይጫናል፤ አየር ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም።

ትላልቆቹ ማስመሰያዎች እንኳ የሚያውቁት የተነገራቸውን ብቻ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን ተከስክሶ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቦይንግ ኩባንያ የማክስ ሲሙሌተር ፕሮግራሙ አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማሳየት ይጎድለው እንደነበር አምኖ ማስተካከሉን ገልጧል። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የወጣበት መሣሪያ እንዲህ ከሆነ፣ የቤቱ ምን ያህል ጎዶሎ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ልጅዎ ማስመሰያውን ትውደደው እንጂ አትመነው።

ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በብዙ ቤት ኮምፒዩተር ሲገባ ወንበሩን የሚይዘው ወንድ ልጅ ነው። እኅቱ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሰሃን ታጥባለች፣ ቡና ታፈላለች፤ ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ ወይ መብራት ጠፍቷል፣ ወይ የመኝታ ሰዓት ደርሷል። ማንም «አትንኪ» አላላትም፤ ሰዓቱ ራሱ ከለከላት። ከአንድ ዓመት በኋላ ወንድሟ ሄሊኮፕተሩን አየር ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ እሷ አልቻለችም፤ ቤተሰቡም «ሴት ልጅ ለማሽን አትሆንም» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ የተሰጠው በችሎታ አይደለም፤ በሰሃን አጠባ ነው።

የዚህን ፍርድ ሐሰትነት የአገራችን ታሪክ ያስረዳል። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ አይሮፕላን ማብረር የተማሩ ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ ወረራው ባይመጣ ኖሮ የት በደረሱ ነበር። ከዚያ በኋላ አሠርት ዓመታት አልፈው፣ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. አምሰለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነው ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም በረሩ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዱ ከአብራሪዎቹ ጀምሮ በሴቶች ብቻ የተከናወነ በረራ ወደ ባንኮክ አደረገ። በሌላውም ዓለም እ.ኤ.አ. በ1955 አሥራ ሦስት ሴት የሄሊኮፕተር አብራሪዎች ማኅበር አቋቁመው ነበር።

የእናት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ደግሞ የሄሊኮፕተርን አባት እንመልከት። ኢጎር ሲኮርስኪ እ.ኤ.አ. በ1889 በኪየቭ ሲወለድ እናቱ በሕክምና የተማሩ ሴት ነበሩ። ልጃቸውን በቤት ውስጥ ሲያስተምሩ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ስለ በራሪ መሣሪያ ያሰበውን ይነግሩት ነበር። ልጁ በ12 ዓመቱ በላስቲክ የምትበር ትንሽ ሞዴል ሠራ፤ በ1939 ደግሞ በአሜሪካ እውነተኛውን ሄሊኮፕተር ከመሬት አነሣ። እኒያ እናት ሄሊኮፕተር አላበረሩም፤ ነገር ግን ልጃቸውን «ይህ ለአንተ አይሆንም» አላሉትም።

ስለዚህ በቤትዎ ደንብ ይውጣ። የማስመሰያው ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ይሁን። የወንድሟ ተራ ሲያልቅ ሰሃኑ የእሱ ነው። በትምህርት ቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፤ የቤት ሥራ ሳያልቅ አይጀመር። በየሃያ ደቂቃው ዓይናቸውን አንሥተው ለሃያ ሴኮንድ ያህል ራቅ ያለ ነገር ይመልከቱ። ክፍሉ አይጨልም። የበረሩትን ሁሉ ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ ደቂቃና ስሕተት ጽፈው በአንድ ደብተር ይያዙ፤ እውነተኛ አብራሪም እንዲህ ያለ መዝገብ አለው። ደብተሩን እርስዎ በሳምንት አንድ ቀን ይዩት።

ወደፊትስ?

ልጂቱ ጸንታ ከቀጠለች መንገዱ ረዥም መሆኑን አስቀድመው ይንገሯት። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መለኪያ የግል ሄሊኮፕተር አብራሪ ለመሆን ዕድሜ 17 ዓመትና ቢያንስ 40 ሰዓት እውነተኛ በረራ ያስፈልጋል፤ በተፈቀደለት ትምህርት ቤት ለተማረ 35 ሰዓት ይበቃል። በሙያው ደመወዝ ለመብላት ዕድሜ 18 ሆኖ 150 ሰዓት፣ በተፈቀደ ትምህርት ቤት ከሆነ 100 ሰዓት ይጠየቃል። የቤቱ ማስመሰያ ሰዓት ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የጤና ምርመራ አለ፤ የእንግሊዝኛ ችሎታ አለ። ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ የደከመባት ልጅ በጆይስቲክ ብቻ የትም አትደርስም።

በአገራችን የሄሊኮፕተር አብራሪዎችን የሚያፈራው በዋናነት አየር ኃይል ነው፤ የአየር መንገዱ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ደግሞ የአይሮፕላን አብራሪዎችንና ቴክኒሺያኖችን ያሠለጥናል። ሁሉም የበረረ አብራሪ መሆን የለበትም። ማስመሰያው ላይ «ይህ ክንፍ ለምን እንዲህ ይዞራል?» ብላ የጠየቀች ልጅ መካኒክ ወይም መሐንዲስ ልትሆን ትችላለች። «ደመናው ለምን በማሻ በኩል ይከማቻል?» ያለችውም የአየር ጠባይ ተመራማሪ። ለቴፒ ልጅ ደግሞ የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስናና የኮምፒዩተር ትምህርት በዚያችው በቴፒ አለላት።

ልጅዎ ሄሊኮፕተር ታብርር አታብርር ዛሬ ሊያውቁ አይችሉም፤ እንዲያውቁም አይጠበቅብዎትም። ዛሬ በእጅዎ ያለው ወንበሩ ብቻ ነው። ማታ እራት ሲበላ ሰሃኑን ማን እንደሚያጥብ፣ ወንበሩ ላይም ማን እንደሚቀመጥ እርስዎ ይወስናሉ። ተራው የእሷ ከሆነ ይጥሯት፤ ከዚያ አራቱን ጥያቄዎች ጠይቀው፣ መልሷ ከጣመዎ ትነሣ።